«ለአንድነት እንጸልያለን፤ አንነጋገርም» — የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ ሰዓታችን የምዕመናንን አንድነት የተመለከተ ነበር። መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ አላረፈም። ከቀረቡት ጥያቄዎች አምስቱን ከነመልሳቸው በጽሑፍ አቅርበናል። መልሱን የሰጡት ለረጅም ዓመታት በመጋቢነት ያገለገሉና በተጣሉ አጥቢያዎች መካከል በሽምግልና የሚመላለሱ እንግዳችን ናቸው።

ከሐዋሳ፣ ወንድም

ጥያቄ፦ ሰላም ይብዛልዎ መጋቢ። የእኛ አጥቢያ ከሁለት ዓመት በፊት ለሁለት ተከፈለ። መነሻው የመዘምራን ጉዳይ ነበር። ኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት፣ ከዚያ ሁሉም ወገን ያዘ። የወጡት ልጆች ከእኛ ጸሎት ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ አዳራሽ ተከራይተዋል። እሁድ እሁድ መዝሙራቸው ይሰማናል፣ የእኛም ይሰማቸዋል። እኛም እነሱም በየሳምንቱ ስለ አንድነት እንጸልያለን። ግን አንነጋገርም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግመህ ስማት እስቲ። እንጸልያለን፣ አንነጋገርም። መልሱን ራስህ ይዘኸው ነው የደወልከው።

ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 4 ላይ «የመንፈስን አንድነት ለመጠበቅ ትጉ» ይላቸዋል። ጠብቁ ነው ያለው። ዘበኛ ያለ ንብረት ነው የሚጠብቀው፣ የሌለ ነገር አይጠበቅም። በክርስቶስ ያመኑ ሰዎች አንድ አካል መሆናቸው ያለቀ ነገር ነው፤ ስብሰባ ጠርተን የምንወስነው አይደለም። የእኛ ሥራ የተሰጠንን አለማበላሸት ነው። ከዚያች ቃል ቀደም ብሎ የተዘረዘሩትን ደግሞ እያቸው፦ ትሕትና፣ የዋህነት፣ ትዕግሥት። ሦስቱም የሚያስፈልጉት ከሚያናድድ ሰው ጋር ስትኖር ነው። ከሚመችህ ሰው ጋር ለመኖር ምን ትዕግሥት ያስፈልጋል?

ፊልጵስዩስ 4 ላይ ደግሞ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ኤዎድያንና ሲንጤኪን። በምን እንደተጣሉ አልተነገረንም። ደብዳቤው ግን በጉባኤ ፊት የሚነበብ ነው። ስማቸው ሲጠራ እዚያው ተቀምጠው ነበር ይሆናል! ጳውሎስ ለሁለቱም «እመክራለሁ» የምትለዋን ቃል እኩል ሰጣቸው፤ ለአንዷ አላደላም። በወንጌል ሥራ ከእርሱ ጋር የተጋደሉ መሆናቸውንም መሰከረላቸው። ከዚያ ሦስተኛ ሰው ጠርቶ እንዲያግዛቸው ለመነ። እኔ በሽምግልና ስሄድ ይህን ክፍል ነው የማነበው። የተጣሉት ሰዎች ሁለት ደህና አማኞች እንደሆኑ መጀመሪያ መናገር ብዙ በር ይከፍታል።

አንድ የታዘብኩትን ልንገርህ። «በትምህርት ተለያየን» የተባለበትን ጠብ ቀረብ ብዬ ስሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የማገኘው ማይክ ነው፤ ወይ ገንዘብ ነው፤ ወይ «አላከበሩኝም» የሚል ቅሬታ ነው። ትምህርቱ በኋላ ነው የሚጨመረው፣ ጠቡን ለማሳመር። ስለዚህ መሪዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ አትጠብቅ። ከእናንተ ሁለት ሰው፣ ከነሱም ሁለት ሰው፣ መድረክ ላይ የማይወጡ፣ አንድ ቤት ቡና ይጠጡ። አጀንዳ አይያዙ።

ከአዲስ አበባ፣ እህት

ጥያቄ፦ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሁለት አምልኮ አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ያለው ዋናው የአማርኛው ነው። አፋን ኦሮሞው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ደክሞት። ጠዋቱን በየተራ እንካፈል ሲባል «ዘረኝነት አታስገቡ፣ በክርስቶስ አንድ ነን» ተባለ። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፣ ግን ነገሩ ልክ አልመሰለኝም። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም። እንዲያውም ጥያቄሽ ከመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ የነበረ ነው። ሐዋርያት ሥራ 6ን አውጪ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁድ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ምክንያቱም በየቀኑ ምግብ ሲታደል የእነሱ መበለቶች ይዘነጉ ነበር። ሁለቱም ወገን አይሁድ ናቸው፣ ሁለቱም አምነዋል፤ የሚለያቸው በዋናነት ቋንቋና ያደጉበት አገር ነው። ጰራቅሊጦስ ከወረደ ገና ብዙ ያልቆየበት ዘመን ነው። መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ጉባኤም የቋንቋ ቅሬታ ነበረበት፣ ልብ በይ።

ሐዋርያት «ዘረኝነት አታስገቡ» አላሉም። ቅሬታውንም እንደ ኃጢአት አልቆጠሩትም። ሰው ምረጡ አሉ፣ ሰባት ተመረጡ። ስማቸውን ስታነቢ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ ይላል። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ስም ብቻውን ሙሉ ማስረጃ ባይሆንም፣ እኔ የምረዳው የዕደላውን ቁልፍ ቅር ላላቸው ወገን እንደሰጧቸው ነው። ግማሽ በግማሽ እንኳ አላደረጉትም! ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ቃሉ እየሰፋ ሄደ፣ የደቀ መዛሙርት ቁጥርም እጅግ በዛ ይላል።

«በክርስቶስ አንድ ነን» የሚለው ቃል እውነት ነው። ግን ማን እንደሚናገረው ይወስነዋል። ጠዋቱን የያዘው ሰው ከሰዓት በኋላውን ለያዘው ሲነግረው ዝም በል ማለት ይሆናል። የእናንተ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ከአፋን ኦሮሞው ጉባኤ ውጪ ያለ አንድ ሰው፣ አንቺ ለምሳሌ፣ ጥያቄውን አንስቶ ያቅርብ። የራሱን ጥቅም የማይጠይቅ ሰው ሲጠይቅ ሰሚ ያገኛል። በዓመት ጥቂት ጊዜም በሁለቱም ቋንቋ የጌታን እራት አብራችሁ ውሰዱ። መዝሙሩ ለሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ላይገባቸው ይችላል፣ ምንም አይደል።

ከኩዌት፣ እህት

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዓርብ ለጥቂት ሰዓት እወጣለሁ። አንዲት ጓደኛችን ቤት እንሰበሰባለን። ኦርቶዶክስም ጴንጤም ካቶሊክም አለን። አብረን ብንጸልይ ጥፋት አለው?

መልስ፦ የለውም እህቴ። አባታችን ሆይ የሁላችሁም ነው፣ በእሱ ጀምሩ። መዝሙረ ዳዊትም አለ፣ የሁላችሁም ነው። የሚያለያዩ ነገሮች የሉም ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ በቁርባን ጉዳይ እያንዳንዷ የየራሷን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትጠብቅ። ጾም ላይ ያለችው ፊት ሥጋ ወጥ አታቅርቡ። ሮሜ 14 ስለ መብልና ስለ ቀን አትናናቁ፣ አትፈራረዱ የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። አንዷ ሌላዋን ወደ ራሷ ለመሳብ የምትሰበሰብ ከሆነ ግን በሁለተኛው ዓርብ ይበተናል።

እኔ በደርግ ዘመን ወጣት ነበርኩ። ብዙ ጸሎት ቤት ተዘግቶ፣ ንብረቱ ተወርሶ፣ ሰው በየቤቱ በትንንሹ ይሰበሰብ ነበር። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ያኔ የሙሉ ወንጌል ነህ፣ የመካነ ኢየሱስ ነህ፣ የቃለ ሕይወት ነህ ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ አልነበረም። የሚጠየቀው «ማን አየህ?» ነበር። ነፃነት ሲመጣ ደግሞ በጭብጨባና በልሳን መጣላት ጀመርን፤ ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰው ቅዱስ አታድርጊው። ግን እናንተ አሁን ያላችሁበት ቤት ያንን አስታወሰኝ።

ከሜሪላንድ፣ ወንድም

ጥያቄ፦ የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ጉባኤያችን ውስጥ የጸሎት ርዕሱ ራሱ ጠብ ሆነ። ትግራዋይ ወንድሞቻችን አንድ በአንድ ቀሩ። ጦርነቱ ቆሟል፣ እነሱ ግን አልተመለሱም። «ፖለቲካ ውጭ ይቅር፣ ተመለሱ» ብለን መልእክት ልከናል። አንድ ሰው ብቻ ነው የመለሰልን፣ እሱም «ይቅርባችሁ» ብሎ። እንዴት ይመለሳሉ?

መልስ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ መልእክቱ መልስ ያጣው ራሱ መልእክቱ ስለሚያም ነው። እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ፣ ስልክ ተቋርጦበት ወራት ለቆየ ሰው ነገሩ ፖለቲካ አልነበረም። ለቅሶ ነበር። በዚያው ጊዜ ሌላ ወገን ዘመድ የሞተባቸውም በጉባኤያችሁ ነበሩ፣ እነሱም ለቅሷቸውን ዋጡ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ቤት ሄዳችሁ ለቅሶ ደረሳችሁ? ይህን የምጠይቅህ ልወቅስህ አይደለም። እኛም እዚህ አልሄድንም።

በአገራችን የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። እድሩ ያስገድደዋል። ቤተ ክርስቲያን ከእድር ስታንስ ያሳፍራል። ሮሜ 12 ላይ «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ሲል ማን ጀመረው ብላችሁ ጠይቁ አላለም። ስለዚህ የቴሌግራም ግሩፑን ተወው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ዳቦ ወይ ፍራፍሬ ያዙ። «ተመለሱ» አትበሉ። «ሳንመጣ ቀረን» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ፣ የሚነግሯችሁ ቢመርም አትከራከሩ። ላይመለሱም ይችላሉ። የራሳቸው ጉባኤ አግኝተው ይሆናል፤ ያም ቢሆን ወንድሞቻችሁ ናቸው።

እናንተ አካባቢ አንድ ትልቅ እርቅ ታይቷል እኮ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ አገር ቤትና ውጭ ተብሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይቶ፣ ሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ታረቀ። ውግዘቱ ከሁለቱም በኩል ተነሳ። አቡነ መርቆሬዎስም አቡነ ማትያስም ማዕረጋቸውን እንደያዙ፣ አንዱ በጸሎትና በቡራኬ፣ ሌላው በአስተዳደሩ እንዲያገለግሉ ሆነ። እኔ የሌላ ቤተ እምነት ሰው ነኝ፣ ግን ያን ዕለት አልቅሻለሁ። አንዱ አሸናፊ ሌላው ተሸናፊ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የሚቆይ አይመስለኝም። አንዱ የሌላውን ክብር ሳይነካ ነው የገባው። እናንተም የቀሩትን ስትፈልጉ «ይቅርታ ጠይቀው ይግቡ» የሚለውን ሐሳብ ከሆዳችሁ አውጡ።

ከአዳማ፣ እህት

ጥያቄ፦ የእኛ አገልጋይ «የተቀባ ውሃ» እያለ በብር ይሸጣል። የመባው ሒሳብም አይነገርም። ሽማግሌ ሆኜ ስለማገለግል ጠየቅሁ። «የቀባሁትን አትዳስሱ ተብሏል፣ አንድነታችንን አታፍርሺ» ተባልኩ። ዝም ልበል?

መልስ፦ አትበይ። ያቺ ጥቅስ ስትጠቀስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። መዝሙር 105 ላይ ነው ያለችው። የምትናገረው አብርሃምና ልጆቹ ከአገር ወደ አገር ሲንከራተቱ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው እግዚአብሔር እንደጠበቃቸው ነው። ስለ ሒሳብ አትጠይቁ የሚል ነገር የለባትም። ስለ ቅባት ካነሳን፣ ሳኦልንም ዳዊትንም የቀባው ሳሙኤል ነው። እሱ ሲያረጅ ሕዝቡን ሰብስቦ ምን አለ? የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ ወሰድሁ? ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልሁ? መስክሩብኝ፣ እመልሳለሁ አለ። 1 ሳሙኤል 12። በዛሬ ቋንቋ ኦዲት አድርጉኝ ማለት ነው። የቀባው ሰው ራሱ ኦዲት ከጠየቀ፣ ተቀባሁ የሚለው ምን ያስፈራዋል?

ጳውሎስም አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ያውም በሁሉም ፊት። ገላትያ 2 ላይ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን አልፈረሰችም። ዝም የተባለ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ አንድ ቀን ጣሪያው ይወርዳል።

አካሄዱ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ማቴዎስ 18 ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብቻሽን፣ ከዚያ አንድ ወይ ሁለት ሰው ይዘሽ፣ ከዚያ ለጉባኤ። ቀድመሽ ፌስቡክ ላይ ከወጣሽ፣ እውነቱ ያንቺ ሆኖ ሳለ ጥፋተኛ ትሆኛለሽ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው፣ ቀን ጻፊበት፣ ቅጂውን ያዢ። አጥቢያችሁ የበላይ ጽሕፈት ቤት ካለው ወደዚያ የሚወስድሽ ይህ ወረቀት ነው። ሴት ስለሆንሽ ብቻ ሊያልፉሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሌላ ሽማግሌ ይዘሽ ግቢ።

እህት (መስመር ላይ እንዳሉ)፦ ብቻዬን ስሄድ በር ባይከፍትልኝስ?

መልስ፦ ተመልሰሽ ሂጂ። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሻላል። እሁድ እኛ መጋቢዎች ሰው ሲከበን ነው የምንውለው፣ ሰው ሲከበን ደግሞ አንሰማም።