ግብር በመብራት ቆጣሪ፦ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ቀበቶ ማስጠበቅ ይችላል?

ማህሌት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጥያቄያችን ይሄ ነው፤ አገር ዕዳ ውስጥ ስትዘፈቅ፣ በምርጫ የመጣ መንግሥት ደመወዝና ጡረታ ቆርጦ፣ ግብር ጨምሮ ሕዝቡን ቀበቶ ማስጠበቅ ይችላል ወይስ አይችልም? ግሪክን፣ ላትቪያን፣ ፖርቱጋልን፣ ከጎረቤት ደግሞ ኬንያን እናነሳለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው። ሄኖክ፣ ከግሪክ ጀምር።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ከግሪክ የመብራት ሂሳብ ልጀምር።

ማህሌት፦ ከመብራት ሂሳብ?

ሄኖክ፦ አዎ። ሰው ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከር ዓይኑ ፓርላማው ላይ ነው። "መራጩን ስለሚፈሩ አያጸድቁትም" ይላል። ግሪክን እይ እስቲ። ፓርላማው 300 መቀመጫ አለው። የመጀመሪያው የቁጠባ ጥቅል ሜይ 6 ቀን 2010 ሲቀርብ 172 ድምፅ አገኘ። በዋዜማው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ነበር፤ አቴንስ ውስጥ አንድ ባንክ ተቃጥሎ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። ያም ሆኖ አለፈ። ሁለተኛው ጥቅል ፌብሩዋሪ 2012፣ 199 ድምፅ። ሦስተኛው ጁላይ 2015፣ 229። አየሽ? ሕዝቡ በከፋው ቁጥር የድጋፍ ድምፁ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ማህሌት፦ እኔ ተቃራኒውን ነበር የምጠብቀው።

ሄኖክ፦ ፓርላማ ውስጥ እጅ ማውጣት ይቻላል። ከባዱ ብሩን መሰብሰቡ ነው። ቆጣሪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 2011 ላይ የግሪክ መንግሥት የዓመቱን የበጀት ጉድለት ግብ እንደሚስት ታወቀ። አበዳሪዎቹ፣ ማለት የዩሮ አገሮችና አይኤምኤፍ፣ ቀጣዩን 8 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ያዙበት። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዘብ የሚያስገባ ግብር ያስፈልጋል። ምን ላይ? ቤት ላይ። እኛ የጣሪያና ግድግዳ ግብር እንደምንለው ማለት ነው። ችግሩ፣ አገሪቱ ያኔ የተሟላ የመሬትና የቤት መዝገብ አልነበራትም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ማን የት ምን ያህል ቤት እንዳለው በፍጥነት አያውቅም።

ማህሌት፦ መብራት ኃይሉ ግን ያውቃል።

ሄኖክ፦ በደንብ ነዋ! ማዘጋጃ ቤቶች የጽዳትና የቤት ክፍያቸውን ከድሮ ጀምሮ የሚሰበስቡት በመብራት ሂሳብ ነበር። ስለዚህ የቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር፣ የአካባቢው የዋጋ ቀጠና፣ ቤቱ የተሠራበት ዘመን፣ ሦስቱም የመብራት ወረቀቱ ላይ አሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቬኒዜሎስ ይህን ተጠቀመ። ስሌቱ፣ ስፋቱን በቀጠናው ተመን ታባዢዋለሽ፣ ቤቱ አዲስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማባዣ ይጨመርበታል። 80 ካሬ ቤት በካሬ 5 ዩሮ ቢሆን 400 ዩሮ ነው። ሕንፃው አዲስ ከሆነና በ1.25 ከተባዛ 500 ይሆናል። ለአካል ጉዳተኞችና ብዙ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በካሬ 50 ሳንቲም ተደረገ። ያልከፈለ ምን ይሆናል? መብራቱ ይቆረጣል።

ማህሌት፦ እሺ፣ ይሄ እኮ ጨካኝ ቢሆንም ብልህ ነው። ገንዘቡ ገባ አይደል?

ሄኖክ፦ ገባ፣ ብዙ ገባ። ግን የተበላሸውን ስሚ። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር "እኛ ግብር ሰብሳቢ አይደለንም፣ የድሃ መብራት አንቆርጥም" አለ። ኖቬምበር ላይ ሂሳቡ የሚታተምበትን ማዕከል ያዙ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ግብሩን ብቻ ነጥሎ አይተውም፤ ወረቀቱ አንድ ስለሆነ የመብራቱንም አይከፍልም። ኩባንያው ራሱ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ውስጥ ገባ። ሦስተኛ፣ ሁለት የግል መብራት አቅራቢዎች ከደንበኞቻቸው የሰበሰቡትን ግብር ለመንግሥት ሳያስገቡ ቀሩ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አራተኛ፣ ባዶ መሬትና መብራት ያልገባለት ንብረት ምንም አልነካውም። ሀብቱን በመሬት ያስቀመጠ ሰው አመለጠ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ያለው ጡረተኛ ግን ተያዘ።

ማህሌት፦ ተከራይስ? ቆጣሪው በተከራይ ስም ከሆነ?

ሄኖክ፦ ተከራዩ ይከፍልና ከኪራዩ ይቀንሳል ይላል ሕጉ። በተግባር ግን አከራይህን "ቀንሰህ ተቀበለኝ" ማለት ነው፤ ጭቅጭቁን አስቢው። በ2012 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ግብሩ ራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም፣ ግብር ስላልተከፈለ መብራት መቁረጥ ግን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በቃ፣ ማስገደጃው ወደቀ። ጊዜያዊ ነው የተባለው ግብር ግን አልቀረም፤ በ2014 ኤንፊያ በሚባል ቋሚ የቤት ግብር ተተካ።

ማህሌት፦ ሄኒ፣ ቆጣሪው ላይ ቀረን እኮ። ጥያቄው ዴሞክራሲ ይችላል ወይ የሚል ነው።

ሄኖክ፦ መልሱ እዚያው ቆጣሪው ላይ ነው እያልኩሽ ነው። የቸኮለ መንግሥት መውሰድ የሚገባውን ሳይሆን ለመውሰድ የሚቀለውን ይወስዳል። ለመውሰድ የሚቀለው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው፣ ጡረታ ነው፣ ቫት ነው፣ የመብራት ሂሳብ ነው። ግሪክ በ2010 ቫትን ከ19 ወደ 21፣ ከዚያ ወደ 23 በመቶ አወጣች። የመንግሥት ሠራተኛው ለገና፣ ለፋሲካና ለእረፍት የሚያገኛቸው 13ኛና 14ኛ ደመወዞች ተቆረጡ። በ2012 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ751 ዩሮ ወደ 586 ወረደ፤ ከ25 ዓመት በታች ላለ ወጣት ደግሞ ወደ 511 አካባቢ። እነዚህ ሰዎች መደበቂያ የላቸውም።

ማህሌት፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አንተ ድምፁ ጨመረ ስትል ፓርላማው በነፃነት የወሰነ ታስመስለዋለህ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓፓንድሬዩ ኦክቶበር 2011 መጨረሻ ላይ "ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ" ሲል በቀናት ውስጥ እንዲተወው ተደረገ፣ ከሥልጣንም ወረደ። በቦታው የመጣው ፓፓዴሞስ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ፣ ማንም ያልመረጠው ሰው ነው። የ199ኙ ድምፅ በእርሱ ዘመን ነው። በ2015 ደግሞ ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ ከ61 በመቶ በላይ "አይሆንም" ካለ በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ ፓርላማው 229 ሆኖ "ይሁን" አለ። ይሄ ዴሞክራሲ ቻለ ይባላል?

ሄኖክ፦ ፓፓዴሞስን የደገፈው እኮ የተመረጠ ፓርላማ ነው።

ማህሌት፦ ፓርላማው የተመረጠው በ2009 ነው! ያኔ የፓፓንድሬዩ ፓርቲ ፓሶክ ደመወዝ እጨምራለሁ እያለ፣ "ገንዘብ አለ" እያለ ነው 43.9 በመቶ ያገኘው። ሕዝቡ ያንን እንጂ ይሄን አልመረጠም። ሜይ 2012 ላይ ሲጠየቅ 13.2 በመቶ ሰጠው።

ሄኖክ፦ እሱ ልክ ነው። ግን ተመልከቺ፣ ቅጣቱ የወደቀው ፓርቲው ላይ ነው፤ ፖሊሲው ቀጠለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሲፕራስም ሦስተኛውን ጥቅል ፈርሞ ሴፕቴምበር 2015 ላይ እንደገና ተመረጠ። ፕሮግራሙን ኦገስት 2018 ድረስ ያስፈጸመው እሱ ነው።

ማህሌት፦ ከባንክ በሳምንት 420 ዩሮ ብቻ እያወጣህ የምትመርጠው ምርጫ ነው። ይሄን ነጥብ አለቅም።

ሄኖክ፦ አትልቀቂው፣ ከባድ ነጥብ ነው። እኔ የምለው መጠኑም ስህተት ነበር ነው። ይሄን በቁጥር ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ከቆረጥክ ዕዳህ ይቀንሳል" ብሎ ያስባል። የአገሪቱ ምርት 100፣ ዕዳዋ 130 ነው እንበል። መንግሥት 3 ቆረጠ። አንድ ዩሮ ስትቆርጪ ምርቱ በ50 ሳንቲም ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ምርቱ 98.5 ይሆናል። ከጠፋው ምርት ላይ 40 በመቶ ያህል ግብር ቀረ ብንል 0.6 አጣሽ፣ የተጣራ ቁጠባሽ 2.4 ነው። ዕዳሽ 127.6። ለ98.5 ስታካፍዪው 129.5 በመቶ ነው። ትንሽ ቀነሰ።

ማህሌት፦ እሺ።

ሄኖክ፦ አሁን ደግሞ አንድ ዩሮ ሲቆረጥ ምርቱ በ1.50 የሚወርድ ይሁን። ምርቱ 95.5፣ የጠፋው ግብር 1.8፣ ቁጠባሽ 1.2 ብቻ፣ ዕዳሽ 128.8። ስታካፍዪው ወደ 135 በመቶ ገደማ! ቆርጠሽ ቆርጠሽ ዕዳሽ ከምርትሽ አንጻር ከበደ። በኦክቶበር 2012 የአይኤምኤፍ ዋና ኢኮኖሚስት ብላንቻርድና ሊ የተባለው ባልደረባው ያወጡት ጥናት ይሄንኑ ነው የሚለው። ትንበያዎቹ 0.5 ገደማ ይዘው ነበር፣ እውነተኛው ከ0.9 እስከ 1.7 ነበር። የግሪክ ምርት ከቀውሱ በፊት ከነበረበት አንድ አራተኛ ያህል ወረደ፣ ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ።

ማህሌት፦ ታዲያ ለምን ዕዳው ቀድሞ አልተሰረዘም? መምህሩ በ2010 ተቆረጠበት፣ ቦንድ የያዘው ግን...

ሄኖክ፦ እስከ ማርች 2012 ሙሉ ገንዘቡን እየተቀበለ ነበር! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጊዜው የደረሰ ቦንድ ሁሉ በብድሩ ገንዘብ ተከፈለ። በመጨረሻ ከዋናው ገንዘብ 53.5 በመቶው ሲሰረዝ ዘዴው ቀላል ነበር። አብዛኛው ቦንድ፣ ወደ 177 ቢሊዮን ዩሮ፣ በግሪክ ሕግ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ፓርላማው ፌብሩዋሪ ላይ ሕግ አወጣ፤ ከተሳተፈው የቦንድ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ከተስማማ ሌላውም ይገደዳል የሚል። ያ ሕግ በ2010ም ሊወጣ ይችል ነበር። በውጭ ሕግ የተጻፈ ቦንድ ይዘው እምቢ ያሉት ግን አልተገደዱም፤ ሜይ 15 ቀን 2012 ላይ 436 ሚሊዮን ዩሮ ሙሉ ተከፈላቸው።

ማህሌት፦ ጡረተኛዋ መብራቷ ሊቆረጥ ነው፣ እነሱ ሙሉ ይከፈላቸዋል።

ሄኖክ፦ በዚያው ዓመት።

ማህሌት፦ እሺ፣ ላትቪያን ላንሳ፣ እሷ ለአንተ ሐሳብ የተሻለች ናት። ዶምብሮቭስኪስ በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ መጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ክፉኛ ቆረጠ፣ ኦክቶበር 2010 ላይ ግን አሸነፈ። በ2014 አገሪቱ ዩሮ ገባች።

ሄኖክ፦ እዚያም ቢሆን ፍርድ ቤት ነበር። ጡረታ 10 በመቶ፣ ሥራ እየሠራ ጡረታ ከሚቀበል ደግሞ 70 በመቶ ተቆረጠ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 2009 ላይ ሻረው። ሰዉም ሄደ። በ2000 ቆጠራ 2.38 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ2011 ወደ 2.07 ሚሊዮን ወርዷል። በእርግጥ ሁሉም በቀውሱ አይደለም፣ ግን በሩ ክፍት ሲሆን ሰው በእግሩም ይመርጣል።

ማህሌት፦ ፖርቱጋልም እንደዚሁ። በ2012 የሠራተኛውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ከ11 ወደ 18 በመቶ አውጥተው የአሠሪውን ከ23.75 ወደ 18 ሊያወርዱ ነበር።

ሄኖክ፦ ከሠራተኛው ወስዶ ለአሠሪው መስጠት! ሴፕቴምበር 15 አደባባዩ ሞላ፣ ሐሳቡም ቀረ። መንግሥቱ ግን አልወደቀም፣ ፕሮግራሙም ቀጠለ። ስለዚህ ሕዝብ እንዲሁ ቁጠባን ሁሉ አይቃወምም፤ ከማን ተወስዶ ለማን እንደሚሄድ ያያል።

ማህሌት፦ ኬንያስ ታዲያ? ጁን 25 ቀን 2024 ፓርላማው አዲሱን የግብር ሕግ 195 ለ106 አጸደቀ፣ በዚያው ቀን ሰልፈኛው ፓርላማው ውስጥ ገባ፣ ሰዎች ተገደሉ፣ በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም አለ። ይሄ ዴሞክራሲ አይችልም አያሰኝም?

ሄኖክ፦ እዚያም ፓርላማው አጽድቋል፣ ልብ በይ። መጀመሪያ ያቀረቡት ዳቦ ላይ 16 በመቶ ቫት፣ የምግብ ዘይት ላይ 25 በመቶ ኤክሳይስ፣ መኪና ላይ በየዓመቱ ከዋጋው 2.5 በመቶ ነው። ሁሉም የሚነካ ነገር! ጁን 18 ላይ እነዚህን አወጡ፣ ግን ወጣቱ ከዚያ ወዲያ ማሻሻያ አልፈለገም፤ ሙሉ በሙሉ ይጣል አለ።

ማህሌት፦ የበጀቱ ጉድጓድ ግን አልተጣለም። ከሕጉ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ነበር የሚጠበቀው።

ሄኖክ፦ ጁላይ ላይ ሩቶ ያወጣው ስሌት፣ 177 ቢሊዮኑን ከበጀት እንቆርጣለን፣ 169 ቢሊዮኑን እንበደራለን የሚል ነው።

ማህሌት፦ ማለት ግማሹ ገደማ ተመልሶ ዕዳ ሆነ።

ሄኖክ፦ አዎ፣ ዲሴምበር ላይም ከተጣሉት ግብሮች የተወሰኑት በሌላ ሕግ ተመለሱ። የተቆረጠው 177 ቢሊዮን ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደተነሳ መስመር በመስመር ማየት ይፈልጋል፤ የሚቀጥለውን ክፍል እዚያ ላይ እንጀምር።

ማህሌት፦ ቆጣሪ ሳናነሳ።

ሄኖክ፦ ኬንያ ውስጥ ቆጣሪው የሞባይል ገንዘብ ነው፣ መነሳቱ አይቀርም።