አንዲት ፍሬ

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ከረማችሁ? ድምፄ ከታፈነባችሁ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስለምቀዳ ነው። ደሴ በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ጦሳ ተራራን ካየሁት ሦስት ቀኔ። ጉም ውጦታል።

ቃል የገባሁላችሁን የአከራይ ታሪክ ዛሬም አላወራም። አውቃለሁ፣ ስደቡኝ።

አለቃ ተኝታለች። ቀስ ብዬ ነው የማወራው። አያቴን ለምን አለቃ እንደምላት አዲስ የመጣችሁ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስሙ። የሃይላንዱንም ታሪክ እዚያው ታገኙታላችሁ። አዎ፣ ፍሪጅ ውስጥ በነበረው ጸበል ሻይ ያፈላሁት እኔው ነኝ። አሁንም አልተረሳልኝም። ዋይፋይ ሲቆም ራውተሩ ላይ ጸበል የምትረጨውም እሷው ናት። ሁለት ጊዜ ሠርቷል። ሦስተኛው ላይ ራውተሩ ተቃጠለ። እሺ።

የመቁጠሪያው ነገር ነው። የአለቃ መቁጠሪያ። ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣል። ጥቁር እንጨት ነው፣ ከጣት ብዛት እንደ ቅቤ የለሰለሰ። ኮምቦልቻ ስሄድ ሳልነግራት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እንጃ። ፈተና ነበረብኝ። ከፈተናው ይልቅ የሐረጎን ዳገት ነው የምፈራው። በጉም፣ በዚያ ጠመዝማዛ፣ ከሲኖትራክ ኋላ... ተዉት።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ በጣቴ ይዤው ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ እኔ ክሩን ጎተትኩ፣ በቃ፣ ፍሬው ሚኒባሱ ውስጥ ተበተነ። ረዳቱ «ማንም እንዳይወርድ!» ብሎ ጮኸ። በስልክ መብራት ሰው ሁሉ ከወንበር ሥር ገባ። አንዱ ተማሪ ከጫማው ውስጥ አወጣልኝ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሰጠችኝ። «ስንት ነበር?» ሲሉኝ «ሃምሳ ዘጠኝ» አልኩ። በእኛ በካቶሊኮቹ መቁጠሪያ ሃምሳ ሦስቱ የጸጋ የሞላሽ፣ ስድስቱ የአባታችን ሆይ። ቆጠርን። ሃምሳ ስምንት።

ያቺ አንዷ የት ገባች? እስካሁን አስባታለሁ። ላቫጆ ላይ ሚኒባሱ ሲታጠብ ወጥታ፣ በቱቦው ቦርከና ገብታ ይሆናል። ቦርከና አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር በረሃ ላይ ሐይቅ ገብቶ ነው የሚያልቅ። አለቃ የተባረከ ነገር ሲሰበር ወይ ይቃጠላል ወይ ይቀበራል እንጂ ቆሻሻ ላይ አይጣልም ትላለች። አፋር ላይ ተቀብራለች ልበል? እንዲህ እያልኩ ነው እንቅልፍ የማጣው።

እና ማታውኑ፣ አለቃ ሳታውቅ፣ ፒያሳ አካባቢ ዶቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ሙስበሃቸው፣ የሙስሊሙ መቁጠሪያ፣ አጠገባቸው ነው። የናይለን ክር አወጡ። ፍሬዎቹን በሳህን ዘረገፍኩላቸው። መስቀሉንም።

ቀና ብለው «ልጄ፣ ዱአ የተደረገበት ነው?» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ኧረ አባባ፣ ዕቃ ነው እኮ። ዝም ብሎ ዕቃ።» ሳቅ ብዬ ደግሞ። ያቺን የማውቃትን የማስመሰል ሳቄን ሳቅኩ።

ቆይ፣ ልድገመው። ጥያቄው ሌላ አልነበረም። ዱአ የተደረገበት ነው ወይ? አዎ ወይም አይ ነው መልሱ። አባ ከመወለዴ በፊት ባርከውታል። አለቃ ስንት ለቅሶ፣ ስንት ምጥ በሱ ላይ አሳልፋለች። እኔ ግን «ዕቃ ነው» አልኩ።

የሚያናድደው መልሴ ትክክል መሆኑ ነው። ትምህርተ ክርስቶስ ላይ ብትጠይቁኝ አስር ከአስር ነው የማገኝ። ሰባቱ ምሥጢራት ክርስቶስ የሠራቸው ናቸው። ጸበሉ፣ ሻማው፣ ሜዳሊያው፣ አመዱ፣ መቁጠሪያው ግን ቤተ ክርስቲያን የሠራቻቸው ቅዱሳት ምልክቶች ናቸው። እንደ ምሥጢራቱ ጸጋ አይሰጡም። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሰውየውን ለጸጋ ያዘጋጁታል። ዕቃው በራሱ ይሠራል ብለህ ካንጠለጠልከው ከክታብ በምን ተለየ? ይህንን ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት ከልክ ያለፈ አጉል እምነት የምትለው። ስለዚህ አዎ፣ እንጨት ነው። እንጨትና ክር።

ግን እኔ ያንን አስቤ መሰላችሁ ያልኩት? አፍሬ ነው። ምን እንዳሳፈረኝ አላውቅም። ደሴ ላይ «ካቶሊክ ነኝ» ስትል «እዚህም አለ እንዴ?» የሚልህ አይጠፋም። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የሚባል አለን፣ ስማችን ከነከተማችን ተጽፏል፣ ያም ሆኖ «እዚህም አለ?» ነው። ምናልባት ማስረዳቱ ደክሞኝ ይሆናል። ወይም ሽማግሌው አልነካም እንዳይሉኝ ፈርቼ። ወሎ ውስጥ! ፍርሃቴ ራሱ ስድብ ነው። ደግሞ መስቀሉ ሳህኑ ላይ ተጋድሟል፣ ምኑን ነው የደበቅኩት?

እሳቸው ምንም አላሉም። ክሩን አስቀመጡ። ተነሡና ከጀሪካን ውሃ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ። በፎጣ አደረቁ። ተቀመጡ። ከዚያ ነው ፍሬውን መንካት የጀመሩት። ቢስሚላህ አሉ፣ ቀስ ብለው።

...

ምናልባት እጃቸው ቆሽሾ ነበር፣ ሙጫ ነክተው። እኔ ነኝ የማጋንነው ይሆናል።

አንዷ መጉደሏን ሳልነግራቸው ደረሱበት። ከሁለቱም ጫፍ አስር አስሩን ሰክተው መጨረሻ ላይ መሃል ያለው ሦስተኛው ዘጠኝ ሆነባቸው። የክብሪት ሳጥን ከፈቱ። ቡናማ ፍሬ። «ይቺ ከተበጠሰው ሙስበሃዬ የቀረች ናት። ብዙ ተብሎባታል። ትሁንሽ?» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሂሳብ ስል «አብሽሪ፣ በዚህ ገንዘብ አይያዝም። ስትይዥው ዱአ አድርጊልኝ» አሉ። ስማቸውን አልጠየቅኩም። እስቲ አሁን ምን ይሳነኝ ነበር?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጠየቅኳቸው። ክሩ ቢበጠስ፣ አንድ ሁለት ፍሬ ቢተካ ቡራኬው አይጠፋም አሉኝ። ሳቁብኝም። የተተካችው ከየት እንደመጣች ግን አልነገርኳቸውም። ለምን አልነገርኩም? ቢስቁስ? ባይስቁስ? «አምጪው እንደገና ልባርከው» ቢሉኝ ነው ነገሩ። እንደገና ማለት... ያቺኛዋ ባዶ ነበረች ማለት ነው? ስንት ሱብሃነላህ ያለፈባት ፍሬ። አይ፣ አላውቅም፣ ይሄ የኔ ደረጃ አይደለም። የሥነ መለኮት ተማሪዎች እንዳትጽፉልኝ። እሺ ጻፉልኝ፣ ግን አጭር።

እኔ ስደግም ሦስተኛው ምሥጢር ላይ፣ ማለቴ ሦስተኛው አስር ላይ፣ ጣቴ ያውቃታል። ከሌሎቹ ትንሽ ትበልጣለች። በየአስሩ ከክርስቶስና ከማርያም ሕይወት አንድ ነገር እናስባለን፤ ማክሰኞ ከሆነ የእሾህ አክሊሉ ላይ ትመጣለች። እዚያ ስደርስ ሽማግሌው ትዝ ይሉኛል፣ ጸሎቱ ይጠፋብኛል። አንዳንዴ ሁለቴ እላለሁ፣ አንዳንዴ እዘላታለሁ። ዘጠኝም አስራ አንድም ይሆናል። አለቃ ብትሰማ... እ።

አለቃ። ይሄንን ነበር ልነግራችሁ የፈለግኩት፣ ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ። መቁጠሪያውን ቦታው መልሼ ነበር። ክሩ አዲስ ነው፣ ዓይኗ ግን አያይም። ትናንት ማታ አብረን ስንጸልይ እሷ ይዛዋለች። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ያቺን ፍሬ አዞረቻት። መልሳ አዞረቻት። ፊቷን ወደኔ አደረገች። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ከዚያ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ብላ ቀጠለች። ከሁልጊዜው ትንሽ ጮክ ብላ ይመስለኛል። ወይም ለኔ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጠይቃት ብዬ ቡናውን አፈላሁ። ሦስተኛውን ጠጣን። ስለ ጎመን ነው ያወራችኝ።

ቆዩ... ተነሥታለች መሰለኝ። አቤት! አቤት አለቃ፣ መጣሁ—