ዜብራ ላይ የተመረቅኩበት ቀን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ ቡናዬም ቀዝቅዟል።

ባለፈው ቅዳሜ መኪናዬን ቤት ትቼ ሰፈራችን ካለው ዜብራ ዳር ቆምኩ። ሥራ ፈት እንዳትሉኝ። ለእግረኛ ማን እንደሚቆም ለማየት ነው።

ብዙዎቹ አልፈው ሄዱ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ቀጥ አለ። ደስ ሲለኝ! ለካ ‹‹ወራጅ አለ›› ተብሎ ኖሯል። ዜብራው ላይ አራግፎ፣ እዚያው ጭኖ ሄደ። ቆይቶ ትራፊክ ፖሊስ ብቅ አለ። ሁሉም ወዲያው ጨዋ ሆነ። ቀበቶ በየትከሻው ሲሳብ በመስታወቱ ይታየኝ ነበር። ትራፊኩ ዞር ሲል ጨዋነቱም አብሮት ሄደ።

አንድ ከተማ የመንገድ ደህንነት ደንቡን ምን ያህል ሥራ ላይ አዋለ ሲባል፣ የሚነገረን የተቀባው ዜብራና የተቀጣው ሹፌር ብዛት ነው። እሱን መቁጠር ቀላል ነዋ! ዋናው ግን ትራፊክ በሌለበት ሰዓት የሚሆነው ነው። ለዚህም ነው አጥኚዎች መንገድ ዳር ቆመው፣ ማንንም ሳያስቆሙ፣ ቀበቶ ያሰረውን፣ ሄልሜት ያደረገውን፣ በስንት ፍጥነት እንዳለፈ የሚመዘግቡት።

ፍጥነቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2030 የሚዘልቅ የከተማዋ የመንገድ ደህንነት ስትራቴጂም አለን። ወረቀትስ አልቸገረንም።

ለገሃር ላይ የተሠራውን ታስታውሳላችሁ? ያን ሰፊ መስቀለኛ መንገድ በቀለም ከለሉና ለእግረኛ ቦታ ሰጡት። ማቋረጫው አጠረ። መታጠፊያው ሲጠብ ሹፌር ወደደም ጠላም ፍሬን ይይዛል። እኔ ይሄ ይሻለኛል፤ በምክር ብቻ የተለወጠ ሹፌር እስካሁን አላየሁም።

እኔን ጨምሮ ማለት ነው። ቅዳሜ ስታዘብ ውዬ፣ ሰኞ እኔው ሹፌር ሆንኩ። አንዲት እናት ልጅ አዝለው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ይለምናሉ። አዎ፣ ይለምናሉ፤ ያውም ዜብራ ላይ። ቆምኩላቸው። ጎንበስ ብለው ‹‹እግዜር ይስጥህ ልጄ›› አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደረቴን ነፋ አደረግኩ። ግዴታዬን ተወጥቼ ምርቃት!

ኩራቴ ሁለት ሰከንድም አልቆየ። በግራዬ አንድ አይሱዙ እየበረረ መጣ። የእኔ መኪና ስለከለለቻቸው አላያቸውም፤ እሳቸውም አላዩትም። እኔን አምነው ነው የገቡት። ክላክስ ላይ ተኛሁበት፤ እሳቸው ቀጥ አሉ፤ አይሱዙው ነጠላቸውን በንፋስ አንስቶት አለፈ። ፌስታሉ ወድቆ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ወርጄ ለቀምኩላቸው። ከኋላዬ ያሉት ክላክሳቸውን ለቀቁብኝ።

አሁን ዜብራ ላይ ስቆም በመጀመሪያ ስፖኪዮ አያለሁ። ከዚያ ግራ እጄን በመስኮት አውጥቼ ከኋላ ያለውን ‹‹ቁም!›› እለዋለሁ። እግረኛው ጫፍ እስኪደርስ እጄን አላስገባም።