ከበረዶው በፊት

ውድ የታሪክ ወዳጆች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

ዛሬ የማወራችሁ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሶቪየቷ ከተማ በስታሊንግራድ ላይ ስላለቀው የጀርመን 51ኛ ኮር ነው። ኮር ማለት የበርካታ ክፍለ ጦሮች ስብስብ ነው፤ ይህኛው በ6ኛው ሠራዊት ሥር ነበር። የዚህ ኮር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከበረዶው ይጀምራል። ብርድ፣ ረሃብ፣ ታርዶ የተበላ ፈረስ። እኔ ግን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ኦገስት 1941 ነው። ዩክሬን ውስጥ ቢላ ጸርክቫ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ነጭ ቤተክርስቲያን ማለት ነው። አይሁዳውያን ወላጆቻቸው የተረሸኑባቸው 90 ያህል ሕጻናት እዚያ አንድ ቤት ውስጥ ታጉረዋል። ምግብ የለም፤ ውሃ የለም። ገና ጡት ያልጣሉም አሉባቸው። አቅራቢያው የሰፈሩ ወታደሮች ሌሊቱን ለቅሶ ሲሰሙ አደሩ። ለጦሩ ቄሶች ነገሩ። ቄሶቹ ደግሞ ለ295ኛ ክፍለ ጦር መኮንን፣ ለሌተና ኮሎኔል ሄልሙት ግሮስኩርት አሳወቁ።

ግሮስኩርት ሄዶ አየ። ሕጻናቱን ለመግደል የታሰበውን ለጊዜው አስቆመው። ነገሩ እስከ 6ኛው ሠራዊት አዛዥ፣ እስከ ቫልተር ፎን ራይሸናው ደረሰ። ራይሸናው የተጀመረው ይፈጸም አለ። ኦገስት 21 ግሮስኩርት ያየውን ሁሉ ጽፎ ተቃውሞውን ለበላይ አቀረበ። በማግስቱ ሕጻናቱ ተገደሉ።

በሴፕቴምበር 1942 በ51ኛው ኮር ሥር ሆኖ ስታሊንግራድ የገባው ይኸው 295ኛ ክፍለ ጦር ነው። ማማዬቭ ኩርጋን በሚባለው ኮረብታ ላይ ተዋጋ። የኮሩ አዛዥ ጄኔራል ቫልተር ፎን ዛይድሊትስ ነበር። ውጊያው ቤት ለቤት፣ ፎቅ ለፎቅ ሆነ። ኦክቶበር 14 ትራክተር ፋብሪካው ላይ ከባድ ጥቃት ተከፈተ። ጀርመኖች አብዛኛውን ከተማ ያዙ፤ ሙሉውን ግን አልቻሉም። ኖቬምበር 19 ሶቪየቶች ከጎንና ከጀርባ መቱ። በአምስተኛው ቀን መላው 6ኛ ሠራዊት ተከበበ።

ሂትለር ንቅንቅ እንዳትሉ አለ። ዛይድሊትስ ግን ትእዛዝ ሳይጠብቅ 94ኛ ክፍለ ጦርን ከምሽጉ አስወጣ። ሶቪየቶች ሜዳ ላይ ደረሱበት። ክፉኛ ተመታ። ይህ የዛይድሊትስ ጥፋት ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም። ኖቬምበር 25 ደግሞ ለአለቃው፣ በዚያን ጊዜ የ6ኛው ሠራዊት አዛዥ ለነበረው ለፍሪድሪሽ ፓውሉስ ጻፈ። በአውሮፕላን የሚመጣው ስንቅና ጥይት አይበቃንም፣ ሰብረን እንውጣ አለው። በላይ ያሉት ትእዛዙን ካላነሱ፣ ለሕሊናችንና ለሕዝባችን ስንል እኛው እንወስን አለው። ፓውሉስ አልደፈረም።

ይህን ጽሑፍ የሚያደንቁ ብዙ ናቸው። ድፍረቱን እኔም አልክድም። ግን ባሰብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እዚህ ጋ ሕሊና የተጠራው ሞት ወደ ራሱ ሠራዊት ሲዞር ነው። ግሮስኩርት የጻፈው ግን ስለ ሰው ልጆች ነው፤ ጠላት ተብለው ስለተፈረደባቸው ሰዎች ልጆች። የዛይድሊትስ ጽሑፍ ስሙ ገኗል። ለእኔ ቀድሞ መነበብ ያለበት የግሮስኩርት ነው።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ሁሉም አበቃ። 91,000 ያህል ተማረኩ፤ አገራቸው የተመለሱት 6,000 ገደማ ናቸው። ዛይድሊትስ በምርኮ ሳለ ሂትለርን ተቃወመ። ጀርመን እሱ በሌለበት ሞት ፈረደችበት። በ1950 ሶቪየቶችም ሞት ፈረዱበት፤ ከዚያ ወደ 25 ዓመት እስር ቀየሩት። በ1955 አገሩ ገባ።

ግሮስኩርትም ስታሊንግራድ ነበር፤ የ11ኛው ኮር ኤታማዦር ሹም ሆኖ። ተማረከ። በኤፕሪል 1943 በታይፈስ ሞተ። የጻፈው ሪፖርት ግን ተርፏል።

ወደ ጥያቄያችሁ ከመሄዳችን በፊት፣ ቢላ ጸርክቫ ላይ ለቀሩት 90 ሕጻናት የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እናድርግ። እባካችሁ ተነሡልኝ።