ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛውን ገጽ ግለጡ፦ ስለ መንፈሳዊ መጻሕፍት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ የስልክ መስመሩ ሲጨናነቅ ዋለና ሰዓቱ አልበቃንም። የተረፉትን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። አንዳንዶቹን በአየር ላይም መልሻቸው ነበር፣ ግን ደግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከዘፍጥረት እየጀመርኩ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

ከማርቆስ ወንጌል ጀምር። 16 ምዕራፍ ነው፣ በአንድ ምሽት ትጨርሰዋለህ። ከዚያ ሉቃስን፣ ቀጥሎ የሐዋርያት ሥራን አንብብ። ወደ ዘሌዋውያን በኋላ ትመለሳለህ።

ጥያቄ፦ የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይሻላል ወይስ አዲሱ ትርጉም? ጓደኞቼ ስለዚህ ሲከራከሩ እኔ ግራ ገባኝ። (ከሐዋሳ)

ሁለቱንም ያዢ፣ እህቴ። የ1954ቱ የዕብራይስጡንና የግሪኩን አባባል እንዳለ ማስቀመጥ ይወዳል። የ1980ውና በ1993 የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ደግሞ ለዛሬ ሰው ጆሮ ቀለል ይላሉ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። መዝሙር 7 ላይ የ1954ቱ እግዚአብሔር «ልብንና ኵላሊትን» ይመረምራል ይላል። አንድ ተማሪዬ ይህን አንብቦ ስለ ኩላሊት በሽታ የተነገረ መስሎት ነበር። የጥንት ዕብራውያን የሰው ስሜትና ሐሳብ በኩላሊት ውስጥ ነው ይሉ ነበር። እኛ «ሆዴ ባባ» ስንል ስለ አንጀት እንደማናወራ ማለት ነው። ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ቶሎ ይይዘዋል። የትኛውንም ስትገዢ ግን ሁለተኛውን ገጽ ግለጪ። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው የሚጻፍበትን ገጽ ማለቴ ነው። ማን ተረጎመው፣ ከየትኛው ቋንቋ፣ ማን አሳተመው፣ መቼ? ይህን ሳልናገር ያለፍኩት ፕሮግራም የለም፣ ዛሬም አላልፈውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኢንተርኔት ላይ «የተሟላው የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ፣ 88 መጻሕፍት» የሚል በእንግሊዝኛ አዘዘ። ከዓለም ተደብቆ የኖረ ነው ብሎ በጣም ተደስቷል። እውነት ነው? (ከቨርጂኒያ፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ ልጅዎ የአገሩን መጽሐፍ መፈለጉ ደስ ያሰኛል፣ አይቆጡት። ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቆጥረው 81 ነው። «ሰማንያ አሐዱ» የምንለው ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በ2000 ዓ.ም. በአማርኛ አሳትማዋለች። 88 የሚለው ቁጥር የሻጮች ነው።

«ተደብቆ የኖረ» የሚለውም ልክ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ልንኮራበትም ይገባል። ግን ማንም አልደበቀውም። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወስዷል። እንግሊዝኛው በ1821 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በኋላም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። እኛ ጋ ደግሞ ዲያቆኑም ካህኑም ሲያነበው ኖሯል። አሁን ብዙዎቹ ሻጮች የሚያደርጉት፣ መቶ ዓመት ያለፈውንና የባለቤትነት መብቱ ያበቃውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አንስተው በአዲስ ሽፋን ማተም ነው።

መጽሐፉ ሲደርሳችሁ አብራችሁ አንድ ነገር ፈትሹ። መቃብያን የሚለውን ይክፈቱ። ገና ከመነሻው ጺሩጻይዳን የሚባል ንጉሥ ካገኛችሁ የእኛው መቃብያን ነው። በታላቁ እስክንድር የሚጀምር ከሆነ ግን የግሪኩ ነው፣ ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ታሪኩ ሌላ ነው። ሁለተኛውንም ገጽ ያስገልጡት። የተርጓሚ ስም ከሌለው መልሶ ገንዘቡን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ትወስድ ነበር። በር ላይ ከሚሸጡ ሰዎች ስለ ፈውስ የተጻፈ መጽሐፍ ገዛች። መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው ይላል። ካቋረጠች ሦስት ሳምንት ሆናት። ምን መጽሐፍ ላንብብላት? (ከአዳማ)

ልጄ፣ መጀመሪያ መጽሐፍ አይደለም የሚያስፈልጋት። ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ውሰጃት። ያለፋትን ኪኒን አጠራቅማ እንዳትውጥ፣ እንዴት እንደምትጀምር የሚነግራት ሐኪሙ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአፍ መንተባተብ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካየሽባት ግን ይህን ማንበብ ተዪና ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሩጪ።

አሁን ስለ መጽሐፉ። በዚህ ጉዳይ ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሚጽፉት ከጥቅስ ግማሹን ነው። የሚወዱት ጥቅስ 2ኛ ዜና መዋዕል 16 ነው። ንጉሥ አሳ እግሩን ታመመ፣ ባለመድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ከፍ በይ። አሳ በእግዚአብሔር መታመኑን ትቶ በሶርያ ንጉሥ ታምኖ ነበር። የገሠጸውን ባለ ራእይ እስር ቤት አስገብቷል፣ ከሕዝቡም አንዳንዶቹን አስጨንቋል። በሽታው ሲመጣም ልቡ አልተመለሰም። ጥፋቱ ይሄ ነው፤ ሐኪም ማየቱ ብቻውን አይደለም።

ለእናትሽ ኢሳይያስ 38ን ክፈቺላት። ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ አለቀሰ፣ ጸለየ። እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። የፈውስ ተስፋ ከሰማይ ከመጣ በኋላ ነቢዩ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ በእብጠቱ ላይ አድርጉ አለ! ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆድህ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል። የአገልግሎት ጓደኛውን ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ከተማ ትቶት ሄዷል። ጳውሎስ እምነት አንሶት ነው? ሉቃስንስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ አይደል የጠራው? ሰማንያ አሐዱ ያለው ሰው ደግሞ ሲራክ 38ን ያንብብ፤ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ይላል።

ጸሎቱን፣ ቅብዓ ቅዱሱን፣ ጸበሉን ተዉ የሚል የለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ጸበሉን ትጠጣ፣ ኪኒኗንም ትዋጥ።

ደግሞ በስልክ «ሁለተኛውን ገጽ ገልጠሽ አንብቢልኝ» ስልሽ ምን ነበረው? ማዘዣ ስልክ ቁጥር ብቻ። የአሳታሚ ስም የለ፣ ዓመተ ምሕረት የለ። እናትሽ ብትወድቅ የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት ነው። ስለ ሰው ሕይወት የጻፈ ስሙንና አድራሻውን ለመጻፍ ምን አሳፈረው?

ጥያቄ፦ ዓለም የሚያልፍበትን ዓመት የሚያሰላ መጽሐፍ አገኘሁ፣ ልግዛው? (ከዱባይ)

አትግዢው። ማቴዎስ 24፥36ን አንብቢ፤ ያን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር ማንም አያውቅም ይላል።

ጥያቄ፦ የማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛሁ። ከታች ያለው ማብራሪያ ብዙ ጠቀመኝ፣ ግን ሰባኪያችን ከሚለው ጋር አይገጥምም። (ከጅማ)

ከመስመሩ በላይ ያለው ቅዱስ ቃሉ ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው የአንድ ወገን አስተያየት ነው። ፊደሉ ስላነሰ አታምታታው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሦስት ጊዜ አንብብ፣ ከዚያ ወደ ታች ውረድ። ሰባኪህንም በአክብሮት ጠይቀው።

ጥያቄ፦ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። አንድምታ ባነብ ይጠቅመኛል? (ከአዲስ አበባ)

በጣም! አንድምታ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መምህራን የመጽሐፍ ትርጓሜ ነው። መምህራኑ ንባቡን ያስቀምጡና አንዱን ፍች ይሰጣሉ፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ። አንድ ጥቅስ በስንት መንገድ ሊታይ እንደሚችል ያስተምርሃል። የወንጌሉን አንድምታ አስቀድም። ቀጥለህ ሃይማኖተ አበውን ሞክር፤ አትናቴዎስን፣ ቄርሎስን፣ ዮሐንስ አፈወርቅን በአንድ ጥራዝ ታገኛለህ። አትናቴዎስ ማለት እኮ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ነው፣ ለማናችንም ባዳ አይደለም። የማትስማማበት ቦታ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ከመዝጋትህ በፊት ምክንያታቸውን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ግሪክና ዕብራይስጥ ሳላውቅ ነገረ መለኮት ማጥናት እችላለሁ?

ትችላለህ። ግእዝ ብትጀምር ግን ደስ ይለኛል፣ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ፈልግ።

ጥያቄ፦ አዲስ የወጣውን የማብራሪያ መጽሐፍ በቴሌግራም በፒዲኤፍ ከየት ላግኝ?

ግዛው፣ ወንድሜ። ደራሲውም ልጆች አሉት። ካልቻልክ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄደህ ጠይቅ ወይም ከጓደኛህ ተዋስ። ስትገዛም ሱቁ ውስጥ እንደቆምክ አንድ ነገር አድርግ። ዕብራውያን 6፥4–6ን የሚያብራራበትን ገጽ አውጣ። ከባድ ጥቅስ ነው። ደራሲው ከባድ መሆኑን አምኖ ከታገለበት ግዛው። በሁለት መስመር ካለፈው መደርደሪያው ላይ መልሰው።

ጥያቄ፦ ስለ እምነት ጥያቄዎች ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ። ሁለት ወር ሆነኝ እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብም አይበላልኝም። ኃጢአቴ የማይሰረይ መስሎኛል። ምን ላንብብ? (ስሜ ይቆይ ያሉ)

ለአንተ አዲስ መጽሐፍ አልሰጥህም። የያዝካቸውንም ለጊዜው አስቀምጣቸው። የንስሐ አባትህ ወይም መጋቢህ ጋ ሄደህ የጻፍክልኝን ሁሉ ንገራቸው። የሁለት ወር እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው፣ በዚህ ሳምንት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ሳምንቱን አትጠብቅ፤ አጠገብህ ላለው ሰው አሁኑኑ ንገርና ሆስፒታል ይውሰድህ። የፕሮግራሙ ስልክ አለህ። ቅዳሜ ሳይደርስ ደውልልኝ፣ እጠብቃለሁ።