እኛ አናጨስም፣ እንሸጣለን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ነርስ ስለሆንኩ ስለ ሳንባ ጤና እንድናገር ጋብዛችሁኛል፤ አመሰግናለሁ። «የአሜሪካ ጥቁሮች ይህን ያህል ያጨሳሉ» የሚል አንድ ቁጥር ስትሰሙ ግን ቶሎ አትቀበሉት። ሚሽጋንና ኦሃዮ ባሉበት በመካከለኛው ምዕራብ ከፍ ይላል። ስደተኛ በበዛበት ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ከውጭ የመጣ ጥቁር እዚህ ከተወለደው በጣም ያነሰ ያጨሳልና። እኛም «ልጆቻችን አያጨሱም» ብለን እንኮራለን። (ዓርብ ማታ ሺሻ ቤት የሚሞሉት የማን ልጆች እንደሆኑ አልጠይቅም።)

የመጣሁት ስለሚያጨሰው ጎረቤታችን ልናገር ነው።

በ1950ዎቹ ቦስተን ውስጥ፣ ኦርቻርድ ፓርክ በሚባል የድሆች መኖሪያ ለአንዲት የ9 ዓመት ጥቁር ልጅ ኒውፖርት የሚባለውን ሜንቶል (የናና ዓይነት ጣዕም ያለው) ሲጋራ የአምራቹ ኩባንያ ሰዎች በነጻ ይሰጧት ነበር። መጀመሪያ በከረሜላ ትለውጠው ነበር፤ በ13 ዓመቷ ራሷ ማጨስ ጀመረች። በ2002 በሳንባ ካንሰር ሞተች፣ ገና 54 ዓመቷ ነበር። ከመሞቷ በፊት ግን ቃሏን በቪዲዮ ሰጥታ ነበር። ልጇ ከሰሰ። ኩባንያው «ለሕፃን አላደልኩም» ብሎ ቢከራከርም በ2010 ተፈረደበት። በ1950ዎቹ ከአሥር ጥቁር አጫሾች ሜንቶል የሚያጨሰው አንድ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ሜንቶል ነው የሚያጨሱት። ሜንቶል ጉሮሮን ስለሚያቀዘቅዝ ለመጀመር ይቀላል፣ ለመተው ይከብዳል። የ2009ኙ የፌደራል ሕግ የእንጆሪውንና የቅርንፉዱን ሲጋራ ከልክሎ እሱን ብቻ ማረው!

ዛሬስ የሚያድለው ማን ነው? በነጻ የሚያድል የለም። በየሱቃችን እንሸጣለን፤ እኛ! ዋሽንግተን ዲሲ በ2022 ሜንቶልን ስትከለክል አንዳንዶቻችን ከባንኮኒው ሥር ደብቀን በፍሬ ቸረቸርን። በፍሬ መሸጥ በፌደራል ሕግ ክልክል መሆኑን ሳናውቅ ቀርተን ነው? ድንበሩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለው ሱቃችን ደግሞ በሩን የሸፈነው በኒውፖርት ማስታወቂያ ነው። «ኪራዩን አንቺ ትከፍይልናለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። አልከፍልም። ግን ያቺን ፍሬ ለገዛ ልጁ የሚሸጥ አባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ!

አገር ቤት እንኳ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከልክሏል።

ማጨስ ለማቆም የሚረዳው ነጻ መስመር 1-800-784-8669 ነው። ቁጥሩን በትልቁ አሳትሜ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሱቅ ያላችሁ ስትወጡ ውሰዱና ካሽ ሬጂስተሩ አጠገብ ለጥፉት።