በሪፉና በእናቲቱ መካከል

የተከበራችሁ የጀልባ አዛዦችና አስጎብኚዎች፣ የባሕር ባልደረቦቼ፣

የዘንድሮው ወቅት ከመጀመሩ በፊት ጀልባ ከዓሣ ነባሪ ስለሚጠብቀው ርቀት ደንብ እንዳስታውሳችሁ ተጋብዣለሁ። የ100 ሜትሩን ደንብ ከእኔ የማታንሱ አዋቂዎች ናችሁ፤ ስለዚህ በምዕራብ አውስትራሊያ ባለው የኮራል ዐለት፣ በኒንጋሉ ሪፍ፣ አብረን ስላየነው ነገር ልናገር።

ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ እንደ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ በፍጥነቱ አምልጦ የሚድን አይደለም፤ ዓሣ ነባሪዎችን የሚያድነው ኦርካ ሲመጣበት ቆሞ ይዋጋል። የሰውነቱን ርዝመት ሲሶ የሚያህል የጎን ክንፍና ከባድ ጅራት አለው። ሲወለድ ከአራት ሜትር ብዙም የማይበልጠው ግልገል ግን ከእናቱ በቀር መከታ የለውም። እናቲቱም ወደ ደቡብ በሚወስደው ረጅም ጉዞ ምግብ ሳትቀምስ እያጠባች ትጠብቀዋለች። ኦርካዎች ከሥር እንዳይመጡባት ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ትጠጋለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ ታደርጋለች። በኤክስማውዝ ባሕረ ሰላጤ በእናቶችና በግልገሎች ገላ ላይ የድምፅ መቅረጫ አጣብቀው በ2017 ውጤቱን ያሳተሙ ተመራማሪዎች የቀዱት፣ ከቅርብ ርቀት በቀር የማይሰማ ሹክሹክታ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማለዳ አንዲት እናት፣ ግልገሏና አንድ አጃቢ ወንድ በአራት ኦርካዎች ተከበው አገኘኋቸው። ሞተሬን አጥፍቼ ከሩቅ ተመለከትኩ። እናቲቱ ግልገሏን በራሷ ላይ ተሸክማ ከውኃው በላይ አነሣችው፤ ጎኑ ላይ አዲስ የጥርስ ጭረት ይታይ ነበር። አጃቢው በመካከል ገብቶ ጅራቱን ያወናጭፋል፤ ትንፋሹ እንደ መለከት ይጮኻል። እንዲህ እየተከላከሉ፣ አንድ ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ፣ ከሥራቸው ነጭ አሸዋ እስኪታይ ድረስ ወደ ሪፉ ተጠጉ። ኦርካዎቹም ወደኋላ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ የጎብኚዎች ጀልባ በሪፉና በእናቲቱ መካከል ገባ። እርሷም ጅራቷን ደጋግማ በውኃው ላይ መታች። በድምፅ ማጉያው የተሰማው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ «ሰላም እያለችን ነው!» ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። እናቲቱ ፊቷን ወደ ጥልቁ አዞረች፤ ኦርካዎቹም ተመለሱ። ግልገሉን ዳግመኛ አላየሁትም።

ሰላምታ አልነበረም! ልጇን ለማዳን የምትታገል እናት የቀራትን መሸሸጊያ ዘግተን፣ ጭንቀቷን ለእንግዶቻችን ትርዒት ብለን ሸጥንላቸው። «ቁጥራቸው አንሰራርቷል፣ አንድ ግልገል ቢጎድል ምን ይሆናል?» የሚል መልስም ከመካከላችን ሰምቻለሁ። ቁጥራቸው ያንሰራራው እኮ በ1963 በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ እነርሱን ማደን ስለተከለከለ ነው፤ ሰው እጁን ስለሰበሰበ!

ስለ ዓሣ ማጥመጃ ገመዶችና ስለ መርከብ ጫጫታ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ ግን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። እናትና ግልገል ወደ ሪፉ ሲጠጉ ካያችሁ፣ ደንቡ ከሚፈቅደውም በላይ ራቁ፤ በእነርሱና በሪፉ መካከል ፈጽሞ አትግቡ። ጅራቷን ስትመታ ደግሞ ለእንግዶቻችሁ ምክንያቱን ንገሯቸው፤ ከዚያም ጀልባውን አዙሩ።